ብቻህን ግባ

ቅዳሜ ማታ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ማስ ኢፌክት ሁለት በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ አድሚራል ሃኬት የሚባለው ሽበታም አዛዥ እኔ ለምጫወትበት ለኮማንደር ሼፐርድ አንድ ተልእኮ ሰጠው። ዶክተር ኬንሰን የምትባል ወዳጁ ባታሪያን የሚባሉ ባለ አራት ዓይን ፍጡራን እስር ቤት ወድቃለችና ሄዶ ያውጣት። ጉዳዩ በመንግሥታት መካከል ጠብ ሊያስነሳ ስለሚችል ግን ጓዶቹን እንዳያስከትል፤ ብቻውን ይግባ። ሼፐርድ ከኋላው ሁለት ጠመንጃ ያዥ ሳያስከትል ከመርከቡ የሚወርድ ሰው አይደለም። ዛሬ ብቻህን ግባ ተባለ። ወንበሬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጠኝ አለቃ ባገኝ ደመወዝ ባልጠየቅሁ ነበር።

"ቤቶች!"

የእኛ አገር በር አንኳኪ ነጠላ ቁጥር አያውቅም። የምኖረው አዳማ፣ ከፍራንኮ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል ነው። በክፍሏ ውስጥ ያለነው እኔና አንድ ኮምፒውተር ነን፤ የሚጠራው ግን "ቤቶች" ነው። ጎረቤቴ ናቸው። ስማቸውን ልተወውና አቶ ጎረቤት ልበላቸው። መልሴን ሳይጠብቁ ገቡ፤ የፕላስቲኩን ወንበር ከግድግዳው ሳብ አድርገው ተቀመጡ፤ ስክሪኑን ለአፍታ ተመለከቱና ጠየቁ።

"ማን እየመራ ነው?"

አልፈርድባቸውም። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ልጆቹ ተሰልፈው የሚከፍሉት ለኳስ ነው፤ ስክሪን ላይ የሚሯሯጥ ሰው ሁሉ ወይ አጥቂ ነው ወይ ተከላካይ። ኳስ እንዳልሆነ ነገርኳቸው።

"ታዲያ ብቻህን ምን ትሠራለህ?"

"እጫወታለሁ፣ ጋሼ።"

ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ቃል ማውጣት አልነበረብኝም።

"ጨዋታማ ከሆነ" አሉ ወንበራቸውን እያስጠጉ፣ "ጨዋታ ብቻን ይሆናል እንዴ ልጄ?"

ክፋቱ ቋንቋውም ከእሳቸው ጋር መሆኑ ነው። እንግዳ ቡና ይዞ ዝም ሲል "ተጫወቱ እንጂ" የምንለው ተነሥቶ ኳስ እንዲጠልዝ አይደለም። ጨዋታ አዋቂ የምንለውም ሰው አፉ እንጂ እግሩ አይታወቅም። እንግዲህ በአማርኛ ብቻዬን ስጫወት ዋልኩ ያለ ሰው ብቻዬን ሳወራ ዋልኩ ማለቱ ነው፤ ብቻውን የሚያወራ ደግሞ ወደ ጸበል ይወሰዳል። አቶ ጎረቤት ለጊዜው ጸበሉን ትተው ሌላውን መድኃኒት ነው ያዘዙልኝ፤ አግባ ይሉኛል። በወር ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ።

አንድ ተረትም አላቸው። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።" እውነቱን ለመናገር እኔም ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ አጭር ነው፣ ያስፈራል፣ ሁለት ጊዜ አይነገርም። ግን ቃሉን ልብ በሉልኝ። የበላ ነው የሚለው። የተጫወተ አይልም፣ ያነበበ አይልም፣ በሩን ዘግቶ የተቀመጠ አይልም። አበው ቃል መርጠው የሚናገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ማለት ቢፈልጉ ይሉት ነበር። ነገሩ የእንጀራ ነገር ነው። በእንጀራ በኩል ደግሞ እኔ ንጹሕ ነኝ፤ ከዚህ ክፍል ሽሮ ሸትቶ አቶ ጎረቤት ሳይመጡ የቀሩበትን ቀን አላስታውስም። የእሳቸው ቤት ዶሮ በሚሸትበት ቀን ግን በሩም ዝግ ነው፣ ተረቱም የለም።

ባለፈው ክረምት ቁም ሳጥኔን ከጋሪ ላይ ሳወርድ ደግሞ በረንዳቸው ላይ ቆመው አይተውኛል። "ብቻህን አትችለውም" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ብለውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ። የዚያን ቀን ብቸኝነቴ አላሳዘናቸውም። ይህን የጻፍኩት ቂም ይዤ አይደለም፤ ይዤ ነው።

ወደ እስር ቤቱ እንመለስ። ትዕግሥት ያለው ተጫዋች አንድም ጠባቂ ሳይነካ ኬንሰን ዘንድ መድረስ ይችላል። ጎንበስ ብሎ፣ ግድግዳ ታክኮ፣ ትንፋሹን ውጦ። ሁለት ጠባቂዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ሲያወሩ እኔ በመካከላቸው ላልፍ አንድ እርምጃ ሲቀረኝ፣ አቶ ጎረቤት "ከኋላህ!" ብለው ጮኹ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም። እጄ ግን ደንግጦ ተኮሰ።

"ብዬሃለሁ" አሉ።

ተኩሱ ጋብ ሲል ይህ ተልእኮ ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ማስ ኢፌክት ሁለት እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። "አራይቫል" የሚባለው ይህ ክፍል የመጣው በ2011፣ ለብቻው ወርዶ፣ ለብቻው ተከፍሎበት ነው። አልገባቸውም። "ምርቃት ማለት ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሻጯ ኪሎውን መዝና፣ መርቂኝ እንጂ ስትላት ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግልሃለች። እነዚህኞቹ ሽንኩርቱን ከሸጡልህ ከዓመት በኋላ ቤትህ ድረስ መጥተው ምርቃቱን ግዛ ይሉሃል።

"ሌቦች ናቸዋ!" አሉ። የዚያን ምሽት የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

በ2021 ግን ሦስቱን የማስ ኢፌክት ጨዋታዎች አድሰው ከነምርቃታቸው በአንድ አወጧቸው። ኮምፒውተር ላይ 120 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል፤ ከተማው ሲተኛ እየጠበቅሁ ስንት ሌሊት እንዳወረድኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ከነምርቃታቸው ስል አንዱ ሲቀር ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ አንድ ተጨማሪ ክፍል ዋናው ኮድ ተበላሽቶ ሳይገባ ቀርቷል። ሠሪዎቹ ራሳቸው የሠሩትን ያጣሉ ማለት ነው፤ ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ምክንያቱም የእኔም ሐርድ ዲስክ አለ።

ማለፍ ነበረብኝ፤ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንድ ዘመዴ ለአንድ ቀን ብሎ ወሰደው፤ በሰባተኛው ሳምንት መለሰው። ይህን ጨዋታ የማያውቅ ሰው አይረዳኝም። በመጀመሪያው ጨዋታ የወሰንከው ውሳኔ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው ይከተልሃል፤ በመጀመሪያው ያልዳነ ሰው በሦስተኛው አይገኝም። እኔ በስንት ሌሊት ያተረፍኳቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ዲስክ ላይ ነበሩ። ሲመለስ አንድም አልተረፈም። በቦታቸው የአራት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ተኝቷል፤ አርባ ደቂቃው መኪና ሲሄድ ነው። ሙሽራው ራሱ አይቶ እንዳልጨረሰው እማላለሁ። ስቆጣ "ያው ጨዋታ አይደል?" አለኝ። ጨዋታ ስለሆነ ይፋቃል፤ ቀይ መኪና አደባባይ ሲዞር ግን ለልጅ ልጅ ይቀመጣል! እስከ ዛሬ ቤቱ ሄጄ ቡና አልጠጣሁም። ያንንም ያስተዋለ አይመስለኝም።

በዚህ መካከል ኬንሰን ድና፣ ኋላ ደግሞ ጠላት ሆና ተገኝታለች። ጠላት በአምስት ዙር ይመጣብሃል። አምስቱንም ብትመክት መጨረሻህ ራስህን ስተህ መውደቅ ነው፤ በሁለተኛው ብትሸነፍም ያው መውደቅ ነው። አቶ ጎረቤት ይህን ሲያዩ የዕድራችንን ስብሰባ አስታወሱ፤ ድምፅ ሳይሰጥ ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ያደረበትን። ጥሩ አስታወሱ፤ ግን በአራተኛው ዙር ላይ ነበርኩ።

ሼፐርድ ከሁለት ቀን በኋላ ነቃ። ሰዓቱ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረ። ሪፐር የሚባሉት ጋላክሲ አጥፊዎች ሊገቡ ነው፤ መግቢያ በራቸውን ማፍረስ የሚቻለው ትልቅ አለት አስወንጭፎ በመምታት ነው። እጄ ማውዙ ላይ ደርቋል።

መብራት ጠፋ።

ከከተማችን ዳር ኮረብታዎቹ ላይ 136 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ አቅማቸው 204 ሜጋ ዋት ነው። የዚያን ምሽት ነፋሱም ነበር፤ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳው ይሰማኛል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለእኔ የተረፈኝ አቧራው ነው።

"አየህ" አሉ አቶ ጎረቤት ከጨለማው ውስጥ፣ "አሁን እንጫወት።"

ምን አማራጭ አለኝ? መጨረሻውን ቀድሞ በተጫወተ ሰው አንደበት ነገርኳቸው። አለቱ በሩን ይመታዋል፤ በሩ ሲፈነዳ በአካባቢው ያሉት ባታሪያኖች በሙሉ ያልቃሉ፤ ከ300,000 በላይ ናቸው። ሼፐርድ ሊያስጠነቅቃቸው ሞክሮ ነበር፤ መስመሩ ተቋረጠበት። አጥፊዎቹም ለጊዜው ዘገዩ እንጂ አልቀሩም። ሃኬት ራሱ መርከቡ ድረስ መጥቶ ፍርድ ቤት መቅረብህ አይቀርም አለው።

ዝም አሉ። ብዙ ዝም አሉ። እኚህን ሰው ዝም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

"ሦስት መቶ ሺህ" አሉ በመጨረሻ። "ለቅሶውን ማን ደረሰ?"

"ማንም።"

"ማንም?"

"ጨዋታው ላይ የለም፣ ጋሼ።"

የተነሣሁት፣ መሰለኝ፣ ሳያስፈቅዱ ሰው ቤት ስለ መግባት ለመጻፍ ነበር። ልመለስበት ስል መብራቱ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ተንጫጫ፤ ከደጅም ሌላ "ቤቶች!" ተሰማ። ባለቤታቸው ናቸው፤ ባላቸውን ፍለጋ ወጥተው። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ስክሪኑን አዩ።

"ኳስ ነው እንዴ?"

"አይደለም" አሉ አቶ ጎረቤት፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። "ለቅሶ ነው።"

እትዬም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።