ታድላችሁ አትበሉን

ትናንት ቡና ላይ አንዷ ጓደኛችን "ገጠር ያደገ ሰው እኮ ታድሎ! ንጹህ አየር፣ ትኩስ ወተት፣ ጭንቀት የለ" አለች። በቃኝ! ከዚህ በላይ መስማት አልችልም።

የቱ ወተት? ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ገበያ ይወጣል፣ ለእኛ የምትተርፈን አሬራዋ ናት። እኔ ያደግኩት ጎጃም ነው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ። ጠዋት ውኃ፣ ከዚያ እበት፣ ከዚያ ጥጃ ጥበቃ። ትምህርት ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ያውም በባዶ እግር፣ ክረምት ገብቶ ወንዙ ከሞላ ደግሞ ጭራሽ መሄድ የለም። ማታ በኩራዝ አጥንቼ ጠዋት ስናፈጥ የሚወጣው ጥላሸት ነበር።

ጭንቀት የለም? በ1975 ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ወንድሜ አፈሳ ፈርቶ ስንት ሌሊት ጫካ አደረ! እናቴ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትል ነበር። ታላቅ እህቴ በ13 ዓመቷ ተዳረች። የእንስራው ገመድ ትከሻዋ ላይ የሠራው ጠባሳ ዛሬም አለ፣ በጣት ይዳሰሳል።

መንደሬን እወዳታለሁ። የእሸቱ ጠረን ይናፍቀኛል። ግን ታድላችሁ የምትሉ፣ እስቲ መጀመሪያ እህቴን ፊት ለፊት በሏት።