የአጎቴ በሬ ዓይን

ባለፈው ቅዳሜ አጎቴ ደወሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሥጋ ቤት ሊከፍቱ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«በል ቀለምህን ይዘህ ና። ግድግዳው ላይ አንድ ሸጋ በሬ ትሥልልኛለህ። ላንተ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«ጋሼ፣ ባነር ቢያሠሩስ?»

«ባነርማ ብር ይጠይቃል!»

ልብ በሉልኝ። ግንበኛው ተከፍሎታል። አናጺው ተከፍሎታል። የሚታረደው በሬ ራሱ ተከራክረው በብር የሚገዙት ነው። በነጻ የሚፈለገው የበሬው ሥዕል ብቻ ነው።

ይቺ «አምስት ደቂቃ» የምትባል ነገር ሥነ ጥበብ ልማር ኮሌጅ ከገባሁ ጀምሮ ተለይታኝ አታውቅም። አንድ ሙሉ ሴሚስተር የአንድ ፀጉረ ከርዳዳ ግሪካዊ የጄሶ ጭንቅላት በከሰል ስሥል ከርሜያለሁ። አፍንጫውን ከራሴ አፍንጫ በላይ አውቀዋለሁ። አፍንጫው ብቻ ሳምንታት ፈጅቷል። ለእረፍት ቤት ስመጣ ግን ዘመድ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ የልጁን ፎቶ ያሳየኛል። «ቡናው እስኪፈላ ቶሎ ሣልልኝማ።»

ቡናው ሲፈላ ደግሞ ሌላው ጥያቄ ይመጣል። «ለመሆኑ ሥዕልም ትምህርት ቤት አለው?» አዎ፣ አለ። መሥራቹም አለ ናቸው! አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ትምህርት ቤት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ይህን ቀልድ ለዘመዶቼ ስንት ጊዜ እንደነገርኩ ፈጣሪ ይወቀው። እስካሁን አንድም ሰው አልሳቀልኝም።

እኔም የማልስቅበት ጉዳይ አለኝ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት።

መምህራችን ክፍሉን አጨልሞ በፕሮጀክተር የአውሮፓ ካቴድራሎችን ያሳየን ነበር። ፕሮጀክተሩ ደግሞ ሁሉን ነገር ሐምራዊ ያደርገዋል። እስክመረቅ ድረስ ፍሎረንስ ሐምራዊ ከተማ ትመስለኝ ነበር። ፈተና ላይ «ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሠዓሊ መርጠህ ተንትን» የሚል ጥያቄ መጣ። እኔ ፍሬ ጽዮንን መረጥኩ። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረ ሠዓሊ ነው። ስሙን ጽፎበት የተወው የእመቤታችን ሥዕል ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ይገኛል። ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1452 ሲወለድ እዚህ ዘርዓ ያዕቆብ ገና ዙፋን ላይ ነበሩ ብዬ ሁሉ ጻፍኩ። ወረቀቴ በቀይ እስክሪብቶ «ከኮርሱ ውጪ!» ተብሎ ተመለሰ። ሲ። ያውም መምህሩ የጎጃም ልጅ ነው! ዓመታት አልፈዋል፣ አልረሳሁለትም። መርሳትም አልፈልግም።

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይባላል። ይህን ተረት እወደዋለሁ። ግን አንድ የሚያሳክከኝ ነገር አለው። ዓባይ ራሱ ከየት ይነሳል? ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ። ግሽ ዓባይ ደግሞ ምንድን ነው? ምንጭ! እንግዲህ ዓባይን ከሥሩ ያየ ሰውም መጨረሻው ምንጭ ማመስገን ነው። ይህን ትልቅ ግኝቴን ለአያቴ ሳስረዳ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «ምንጩን ማመስገኑ ምን ክፋት አለው? በል ይልቅ ጀሪካኑን ሞልተህ ና» አሉኝ።

የእኛ መምህር ግን ዓባይንም አይቶ፣ ምንጩንም አይቶ፣ የሚያመሰግነው የታሸገ ውኃ ነበር። ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ብንሻገር እኮ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለች። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኗል። ሸራ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ክፍላችን አንድ ቀን አልሄደም። «በጀት የለም» ተባልን። እኔ በራሴ ኪስ ሄድኩ።

የሥዕሉን ነገር የነገሩኝ እዚያው ያሉ የቤተ ክርስቲያን አባት ነበሩ፣ መምህሬ አይደለም፦ ጻድቅ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ከሓዲና ክፉ ሰው ግን በጎኑ ነው የሚሣለው። አንድ ዓይን። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሐምራዊው ፍሎረንስ ሁሉ በላይ ጠቀመችኝ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ በሬው።

ሄድኩ፣ ምን አደርጋለሁ። የዘይት ቀለሙን በራሴ ብር ገዛሁ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መሰላል ላይ ዋልኩ። ሻኛው፣ ጭራው፣ የደረቱ ሥጋ፣ ሁሉም በሥርዓቱ ወጣ። አጎቴ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ። ብዙ ቆዩ።

«እህሳ፣ ሁለተኛው ዓይኑስ?»

«ጋሼ፣ በጎኑ እኮ ነው የቆመው። በዚህ በኩል አይታይም።»

«ምን አጠፋ? ይሁዳ ነው እንዴ?»

መሰላሉ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አጎቴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ያን ሁሉ ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ አንድ ባለ ሥጋ ቤት ጠየቀኝ። ወርጄ ልስማቸው ነበር። ግን ደግሞ ዓይኑን ካልጨመርክ አሉ። ጨመርኩ። አሁን በሬው ገላው ወደ ፒያሳ፣ ፊቱ ወደ መንገዱ ነው። ደንበኛውን አፍጥጦ ያያል። ሥጋ የሚያስበላ አይመስለኝም።

የክፍያ ነገር ቀስ ብዬ ሳነሳ አጎቴ ሳቁ። «በላዔ ሰብ እንኳ 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ተምሯል። አንተ ለአጎትህ አንድ በሬ ሣልክ ብለህ ነው?» ከዚያ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ግማሽ ኪሎ ሥጋ እሰጥሃለሁ፣ ረቡዕ ና አሉኝ። ረቡዕ! የቆሎ ተማሪ የነበሩ ሰው!

ብሩሼን በማጠብ ላይ እያለሁ ከጎን ያለው የፀጉር ቤት ባለቤት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። በሬውን አየ። እኔን አየ። የራሱን ባዶ ግድግዳ አየ።

«ወንድሜ፣ ላንተ እኮ…»

ብሩሹ ሳይጠራ ሄድኩ።