ሃያ አምስት ደቂቃ ዶርዜ

ልተንፍሰው፤ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በጉብኝት ፓኬጅ አርባ ምንጭ ወረድን። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሚኒባስ ውስጥ ተንገጫግጨን! በማግስቱ ተራራውን ወደ ዶርዜ ወጣን። አባያና ጫሞ ከታች ተዘርግተዋል፣ ላይ ጉምና ብርድ። ደስ ብሎኛል። ይሄኔ አስጎብኚያችን ሰዓቱን አየና "ሃያ አምስት ደቂቃ አላችሁ" አለ።

እሱስ ይሁን፣ ፕሮግራም ይዞት ነው። እኔን ያበገነኝ የኛው ሰው ነው።

ግቢው ውስጥ አንዲት እናት እንሰት ይፍቃሉ። ሳንቃው ላይ አጋድመው በቀርከሃ ሲፍቁት ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ተጨምቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ከርሞ ነው ቆጮ የሚሆነው። ገና ማስረዳት ሲጀምሩ አንዷ "እማማ፣ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ፣ ጨለመብኝ" አለቻቸው። ሰላም እንኳን ሳትላቸው! ቆጮው በማርና በዳጣ ሲቀርብም ግማሹ አሽትቶ መለሰው። ቪዲዮ ግን ተቀርጿል።

ቤቱንማ የዝሆን ፊት ይመስላል ተብሎ ሰልፊ ተነሡበትና አለቀ። ምስጥ የቀርከሃውን ሥር ሲበላው ቤቱ ከዓመት ዓመት እንደሚያጥር፣ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞት እንደሚሄድ ቆመን የሰማነው ሦስት ብቻ ነን።

ጋቢው ላይ ግን አልቻልኩም። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ይልካል። የኛ ሰውዬ፣ ሆቴል ውስጥ የቢራ ዋጋ ጠይቆ የማያውቀው፣ "ቀንስ እንጂ ወንድሜ፣ ሽሮ ሜዳ በግማሽ ነው የማገኘው" ይለዋል።

አይ ጉድ! ሽሮ ሜዳስ የሚሸምነው ማን ሆነና? እኔ እዚያ ነው ያደግኩት። ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ልጆች ሆነን "ሸማኔ" የምንለው ለስድብ ነበር፣ አፈር ልብላ። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ "ቀሚሴ ደረሰ?" እያልን ደጃቸውን የምንጠናው እኛው።

የተጠራውን ዋጋ ከፍዬ ጋቢውን ወሰድኩት። ሚኒባሱ ውስጥ ሰውዬው ዞር ብሎ "ሸወዱሽ!" አለኝና ሳቀ። ጋቢዬን ተከናንቤ እስከ አርባ ምንጭ ቃል አልተነፈስኩም።