አንድ መስመር ለመቀየር ይህ ሁሉ ጥበቃ

በአንድ የስህተት መልእክት ውስጥ የተገደፈ ፊደል አቃንቼ፣ ፕሮግራሙ እንደገና ተገንብቶ እስኪነሳ የምጠብቀው ጊዜ ከሥራው ራሱ በለጠ። በራስት የፕሮግራም ቋንቋ የምትሠሩ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። እኔን ያንገበገበኝ ግን መጠበቁ ብቻ አይደለም። ስለ መጠበቁ አፋችንን በከፈትን ቁጥር የሚሰጠን መልስ ነው።

ኮዳችንን ወደሚሠራ ፕሮግራም ስለሚቀይረው መሣሪያ፣ ስለ ኮምፓይለሩ፣ «የሚዘገየው ከስህተት ሊጠብቅህ ነው፤ የደኅንነት ዋጋ ነው» ይሉናል። አይደለም! ማንም ሰው በራሱ ኮምፒውተር ሊፈትሸው ይችላል። የራስት የግንባታ መሣሪያ የሆነው ካርጎ «ካርጎ ቼክ» የተባለ ትእዛዝ አለው፤ የዓይነት ምርመራውንም (ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ እንዳይገባ)፣ ራስት የሚኮራበትን የባለቤትነትና የውሰት ምርመራውንም (የትኛው የኮድ ክፍል የትኛውን መረጃ መጠቀም እንደሚችል) ያካሂዳል። የሚተወው የማሽን ኮድ ማመንጨቱንና ማያያዙን ነው፤ ከሙሉው ግንባታም በብዙ ይፈጥናል። እንግዲህ ጊዜያችንን አብዝቶ የሚበላው ጠባቂው ሳይሆን ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው ማለት ነው።

ያ ሥራ ምንድን ነው? ለማንኛውም ዓይነት እንዲያገለግል የተጻፈ አንድ ፈንክሽን በአሥር ዓይነት ከተጠራ፣ ራስት ለእያንዳንዱ ዓይነት የራሱን ግልባጭ ያወጣለታል። ያ ሁሉ ግልባጭ ኤልኤልቪኤም ለሚባለው የኮድ ማመንጫ ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ሊንከሩ ከላይብረሪዎቹ (ሌሎች ጽፈው ካዘጋጁት ኮድ) ጋር አንድ ላይ ያያይዘዋል። ፕሮግራሙ ሲሠራ ፈጣን ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ አልክድም፤ ራስትን የምወደውም በዚህ ነው። ነገር ግን ይህ የንድፍ ምርጫ ነው። ምርጫ ደግሞ ዋጋው በግልጽ ይነገራል እንጂ በደኅንነት ስም አይሸፈንም። የጎ ቋንቋ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ጎግል ውስጥ ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ ካስመረሯቸው ነገሮች አንዱ የሲ ፕላስ ፕላስ ግንባታ ርዝመት ነበር። ለብዙ ዓይነት የሚያገለግል ኮድ መጻፊያውን፣ ጄኔሪክስን፣ እስከ 2022 ያቆዩትም በከፊል የኮምፓይለሩን ፍጥነት ላለማጣት ነው። ሒሳቡን ፊት ለፊት አስቀምጠው ተከራከሩበት።

ሁለተኛው መልስ ይብሳል፦ «ሻል ያለ ኮምፒውተር ግዛ።» ይህን የሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የላፕቶፕ ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። 8 ጊጋባይት ራም ባላት ማሽን የሚማር ተማሪ፣ ሊንከሩ ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ይደርቅበታል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ከግንባታው በፊት ባትሪው ያልቃል። እስከ 2023 አጋማሽ ድረስ ካርጎ አንዲት ላይብረሪ ለማምጣት የራስት ላይብረሪዎች የተመዘገቡበትን መዝገብ ሙሉ ማውጫ ጊት በተባለው የኮድ ማከማቻ መሣሪያ ያወርድ ነበር። በሞባይል ጥቅል የሚሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በዚያው ዓመት በጁን ወር የወጣው የራስት እትም 1.70 የሚያስፈልገውን ብቻ እንዲያወርድ አደረገው፤ ተመስገን። ግን ከራስት 1.0 እስከዚያ 8 ዓመት አለፈ!

ዲስኩስ? «ታርጌት» የሚባለው አቃፊ በየፕሮጀክቱ ውስጥ እያበጠ ጊጋባይቱን ይውጣል። አምስት ፕሮጀክቶች ያንኑ ላይብረሪ ቢጠቀሙ፣ አምስቱም ለየራሳቸው ገንብተው ለየራሳቸው ያስቀምጡታል። በ2025 የወጣው 1.88 ለ3 ወር ያልተነኩ የወረዱ ፋይሎችን በራሱ ያጸዳል ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን «ታርጌት» ግን አይነካውም። አሁንም በየጊዜው በእጃችን እንጠርጋለን፤ ከዚያም ሁሉንም ከዜሮ እንገነባለን። በዚያ ላይ ኮድ የምንጽፍበት አርታኢ ከበስተጀርባ ምርመራ እያካሄደ ሳለ ግንባታ ስናዝ፣ ካርጎ አቃፊው በሌላ ሥራ ተይዟል ብሎ ያቆመናል። የራሳችን መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ወረፋ ሲጠባበቁ ሥራውን የሚጨርሰው ማን ነው?

የራስት ኮምፓይለር ሠራተኞች በ2025 ስለ ፍጥነቱ ባካሄዱት የዳሰሳ ጥናት ከ3,700 በላይ ሰዎች መልስ ሰጥተዋል። ራስትን ትተናል ካሉት ውስጥ 45 ከመቶ ያህሉ ከምክንያቶቻቸው አንዱ የግንባታው ርዝመት እንደሆነ ተናግረዋል። ሠራተኞቹ ሰምተዋል፤ በዚያው ዓመት መስከረም የወጣው 1.90 በ64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ለሊኑክስ ፈጣኑን ሊንከር መደበኛ አድርጎታል። የማይሰማው ውይይቱን የሚያሞቀው ሕዝብ ነው! አዲስ የአጻጻፍ ስልት ይጨመር የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሁሉም ይረባረባል። ስህተት እየፈለግን ለምንሠራው የማረሚያ ግንባታ ከኤልኤልቪኤም ይልቅ ቶሎ ኮድ የሚያመነጨው ክራንሊፍት ግን በሙከራው እትም ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። በ2023 የተዋወቀው፣ የኮምፓይለሩን የፊት ክፍል (ኮዱን የሚያነበውንና የሚመረምረውን) በብዙ የፕሮሰሰር ኮሮች የሚያሠራው አማራጭም እንዲሁ። እነዚህን ለመሞከርና ችግራቸውን ለማመልከት ስንት ሰው ይሰለፋል?

እባካችሁ፣ ቀጥሎ አንድ ሰው «ግንባታው ገደለኝ» ሲል ስለ ኮምፒውተሩ ዕድሜ አትጠይቁት። ካርጎ ላይ «ታይሚንግስ» የሚለውን አማራጭ ጨምሮ ቢገነባ የትኛው ክሬት (የራስት ኮድ ጥቅል) ስንት ሰከንድ እንደወሰደ የሚያሳይ ዘገባ ያገኛል። ዘገባውን ያምጣ፣ በእሱ ላይ እንነጋገር። ላይብረሪ የምትጽፉም ብትሆኑ፣ አንድ ትንሽ ማክሮ (ኮድ የሚጽፍ ኮድ) ለማሳመር ስትሉ ተጠቃሚዎቻችሁ ላይ ሌሎች ላይብረሪዎችን ከመጫናችሁ በፊት ያንን ዘገባ ለራሳችሁ ክሬት አውጥታችሁ ተመልከቱት።