እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ሠራተኛ

ሥራ አስኪያጁ ወደ አዳራሹ ብቅ ሲል ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ደንበኛ በሌለው መስኮት ላይ ነው። «ይሄ ሰው ምን ይሠራል?» ይላል። በማግስቱ መስኮቱ ይዘጋል። ወረፋው በር ሲደርስ ደግሞ «ሠራተኞቹ ቀርፋፋ ናቸው» ይባላል። እኔ ጥፋቱን የማየው መስኮቱን በማዘጋቱ ላይ ነው።

አንድ መስኮት እንውሰድ። አንድ ደንበኛ በአማካይ 5 ደቂቃ ይፈጃል፤ ስለዚህ መስኮቱ በሰዓት 12 ሰው ይችላል። በሰዓት 6 ሰው ቢመጣ ደንበኛው ተራው እስኪደርስ በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። 9 ሲመጣ 15 ደቂቃ ይሆናል። ሠራተኛው ከጊዜው 90 በመቶውን ሲሠራ 45 ደቂቃ፣ 95 በመቶውን ሲሠራ 95 ደቂቃ! ሥራው ትንሽ ሲጨምር ወረፋው ከእጥፍ በላይ ረዘመ።

ምክንያቱ ሰው ተቀጣጥሮ አለመምጣቱ ነው። ሦስት ሰው አንዴ ይገባና ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ማንም አይታይም። ባዶ ያለፈችው ደቂቃ ደግሞ ተጠራቅማ ለግርግሩ ሰዓት አትውልም። ጉዳዩም ይለያያል፤ አንዱ በሁለት ደቂቃ ሲጨርስ ሌላው ሃያ ይወስዳል። ከላይ ያሉት ቁጥሮች ይህን መለያየት የቆጠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ጉዳይ ልክ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ኖሮ 45ቱ ደቂቃ ወደ 22 ተኩል ይወርድ ነበር፤ ማንም ሳይፈጥን። ቅጽ አስቀድሞ ማስሞላት፣ ረጃጅሙን ጉዳይ ለብቻው ማስተናገድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ስሌቱ አዲስ አይደለም። የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኧርላንግ በ1909 እ.ኤ.አ. ስለ ስልክ ጥሪዎች ካወጣው ጽሑፍ ይጀምራል።

አሁን ያ ባለ 90 በመቶ መስኮት ሁለተኛ ይታከልለት፤ ወረፋውም አንድ ይሁን። 45ቱ ደቂቃ ወደ 1.3 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። ሁለቱም ሠራተኞች ግን ከግማሽ በላይ ጊዜያቸውን ባዶ ይቀመጣሉ። አለቃውን የሚያናድደው ይኸው ነው። ሠራተኛ መጨመር ካልተቻለስ? ሦስት መስኮቶች እያንዳንዳቸው በ90 በመቶ ሥራ የየራሳቸው ሰልፍ ካላቸው መጠበቂያው 45 ደቂቃ ነው። ሦስቱም ከአንድ ወረፋ ሲጠሩ 14 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። (ሰው ወደ አጭሩ ሰልፍ ስለሚሻገር ልዩነቱ በተግባር ይጠባል፤ ግን አይጠፋም።)

ብዙዎች የሚሳሳቱት ልኬት ላይ ነው። የቀን አማካይ የምሳ ሰዓቱን ግርግር ይደብቃል፤ የገባውን ሰው በየ15 ደቂቃው ይቁጠሩ። የአገልግሎት ጊዜ የሚያበቃው ደንበኛው ሲሄድ ሳይሆን ሠራተኛው ማህተሙንና ፋይሉን ጨርሶ ቀጣዩን ለመጥራት ሲዘጋጅ ነው። ተራ ቁጥር ወስደው ሲጠሩ የሌሉትንም ይመዝግቡ፤ ሰልፉ ያባረራቸው ደንበኞች ናቸው። ማመሳከሪያም አለ፤ በሰዓት የሚመጣው ሰው በመጠበቂያው ሰዓት ሲባዛ በወረፋው ላይ ያለውን አማካይ ሰው ይሰጣል። ባለ 90 በመቶው መስኮት ላይ በሰዓት 10.8 ሰው (የ12ቱ 90 በመቶ) ሲባዛ በ0.75 ሰዓት (45 ደቂቃ)፤ 8 ሰው ገደማ። መዝገቡ መጠበቂያው 20 ደቂቃ ነው እያለ ሁልጊዜ ስምንት ሰው ከቆመ አንዱ ቁጥር ውሸት ነው።

የሚመጣው ሰው ከአቅም ካለፈ ደግሞ እነዚህ አማካዮች አይሠሩም። በሰዓት 15 ሰው መጥቶ 12 ከተስተናገደ በሁለት ሰዓት ቢያንስ 6 ሰው ይከማቻል። ግርግሩ አልፎ በሰዓት 9 ሰው ብቻ ሲመጣ እንኳ ያንን ለማጽዳት ሌላ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል። ስለዚህ ተጨማሪው መስኮት የሚከፈተው ሰልፉ ሲታይ ሳይሆን መዝገቡ ግርግሩ ይጀምራል ካለው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድሞ ነው፤ በዚያች ሩብ ሰዓት ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ቢታይም።