ይድረስ ለክቡር የበረራ ሰዓት ማስያ

ጉዳዩ፦ በቀጥታ መስመር ስለደረሰብን መጉላላት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ መቼም ድካም አያውቅዎትም። በኢንተርኔት ላይ የሁለት ከተማ ስም ሲሰጥዎ ወዲያው መልስ ይሰጣሉ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በረራው 14 ሰዓት፤ አበቃ። አሠራርዎን ደርሰንበታል። በሉሉ ላይ አጭሩን መስመር ይስባሉ፣ ለአውሮፕላን አማካይ ፍጥነት ያካፍላሉ፣ ለመነሣትና ለማረፍ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይመርቃሉ። እውነቱን ለመናገር፣ የመርካቶ ነጋዴ እንኳ እንዲህ አይመርቅም።

ቅር ያሰኘኝ ሲሄድም ሲመለስም ያው 14 ሰዓት ማለትዎ ነው። ለመሆኑ ቦሌን አይተውት ያውቃሉ? ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ማረፊያ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበትም፣ የክንፉ የማንሣት ኃይልም ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ጭነትና እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ መነሣት ይቸግረዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ የከፍታው ኃይለኛ ነፋስ ከፊት ይጋፈጠዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱ በረራዎች ለዓመታት አየርላንድ ውስጥ ደብሊን እያረፉ ነዳጅ ሲሞሉ የኖሩት ወደው አይደለም። ሲመለስ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፣ አውሮፕላኑም የትም ሳያርፍ ቦሌ ይገባል።

በእርስዎ መስመር ላይ ነፋስ የለም፣ ከፍታ የለም፣ ደብሊንም የለችም። በርበሬም የለም። እናቶቻችን ሁለት ሁለት ሻንጣ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ይዘው፣ 23 ኪሎ መሆን ያለበት ሻንጣ 26 ሆኖ ሚዛኑ ላይ ሲያከራክር የት ነበሩ? ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ዘመዶቻችንስ? እርስዎን አምነው፣ 14 ሰዓት ቆጥረው ደለስ ይደርሳሉ፤ እንግዳቸው ገና አትላንቲክ ላይ ነው።

ስለ መድረሻ ሰዓትማ ባልናገር ይሻለኝ ነበር። «07:00 ቦሌ» ብለው ይጽፋሉ። አጎታችን ይህን አንብበው፣ 7 ሰዓት መሆኑ ነው ብለው፣ ምሳቸውን በልተው፣ አበባ ገዝተው ከተፍ ይላሉ። መንገደኛዋ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ያረፈች፣ በሩ ላይ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። አሁን የሚያኮርፉት እርስ በርሳቸው ነው፤ እርስዎን ማንም አይከስዎትም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከቁጥርዎ ግርጌ «አውሮፕላኑ ወፍ ቢሆን፣ ነፋሱም ቢተኛ» የሚል ማስታወሻ እንዲጨምሩ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዘመዶቻችን ደለስ የከፈሉበት የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ከሰላምታ ጋር፣
ከተቀባዮች አንዱ

ግልባጭ፦
ለአጎታችን (ከምሳ በፊት እንዲደርሳቸው)