ማስተካከያ፦ ስድስቱን አሜሪካውያን ከኢራቅ ያወጣው ግሮም አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ፣ የፖላንዱ ልዩ ኃይል ግሮም እ.ኤ.አ. በ1990 ስድስት አሜሪካውያንን ከኢራቅ አስመለጠ ይላል። ስህተት ነው።

ሥራውን የሠሩት የፖላንድ የስለላ መኮንኖች ናቸው። የመሯቸው ግሮሞስዋቭ ቼምፒንስኪ ነበሩ። ሳዳም ኩዌትን ከወረረ በኋላ ኢራቅ ውስጥ ለቀሩት ስድስት የአሜሪካ የመረጃ ሰዎች የፖላንድ ፓስፖርት ተሰጣቸው። ከዚያ የግንባታ ሠራተኛ መስለው በመኪና ወደ ቱርክ ተሻገሩ። ኮማንዶም ተኩስም አልነበረም። ታሪኩ በ1995 በአሜሪካ ጋዜጣ ይፋ ወጥቷል፤ ቼምፒንስኪም በኋላ በአደባባይ ተናግረውበታል።

ግርታው ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ግሮም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ጁላይ 13 ሲሆን፣ አሜሪካውያኑ የወጡት ደግሞ በኦክቶበር ነው። የግሮም መሥራች ኮሎኔል ስዋቮሚር ፔተሊትስኪ ያኔ ገና ሰው እየመለመሉና እያሠለጠኑ ነበር። ለክፍሉ መመሥረት ምክንያት የሆነውም ሌላ ጉዳይ ነው፦ ከሶቪየት ኅብረት የወጡ አይሁዶች በዋርሶ አድርገው ወደ እስራኤል ሲያልፉ የሽብር ስጋት ነበር።

ስለዚህ ያንን ጽሑፍ ይዛችሁ «የግሮም የመጀመሪያ ዘመቻ ኢራቅ ነው» ብላችሁ የጻፋችሁ፣ እባካችሁ አስተካክሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር የተሰማራው በ1994 ሄይቲ ነው። ኢራቅ የገባው በ2003 ሲሆን፣ በኡም ቃስር ወደብ አካባቢ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ጋር ተሰልፏል። ስሙን በራሱ ጀብዱ ያስጠራ ክፍል ነው፤ የስለላ መኮንኖቹም የደከሙበት ሊነጠቅባቸው አይገባም።